በር ላይ የቆመው ምሩቅ

ሰፊዋ የልጇን ልብስ ገልብጣ ነው የምትሰፋው። የስፌቱ ጠርዝ ወደ ውጭ፣ ልሙጡ ወደ ውስጥ። አንገቱ ላይ ምልክት አትለጥፍም፣ ናይለን የሚባል ነገር እሱ ልብስ አጠገብ አያልፍም። በሱቋ ደጃፍ የሚያልፍ ሰው ልጁን ሲያይ «ኧረ ጉድ! ሰፊ ሆና የገዛ ልጇን ገልብጣ ታለብሳለች፤ የኛንማ እንዴት ልታደርገው ነው!» ብሎ ይስቃል። ይሳቅ፣ ጥርሱ ይርገፍና! አንዲት ክር ቆዳውን ስትነካው እሳት እንደነካው የሚጮህ ልጅ ያላሳደገ ሰው ስለ ስፌት ምን ያውቃል?

ልጁን ሰፈሩ «ሎጋው» ይለዋል። ዛሬ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ፂሙ ያቀመቀመ ጎልማሳ ነው። ያኔ በዳዴ ሲሄድ ግን ስሙን ብትጠራው፣ ብታጨበጭብለት፣ ሰሃን ብትጥል ዞር አይልም ነበር። የስፌት መኪናዋ መዘውር ሲሽከረከር ብቻ ቁጭ ብሎ ያያል፤ እሱን ካየ ዓለም ለምን አትጠፋም። ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየው «ወንድ ልጅ አፉን ለመፍታት ይዘገያል» አላት። ዘገየ፣ ዘገየና ሌላ ሐኪም ዘንድ ይዛው ሄደች። ያኛው «ኦቲዝም ነው» አለ። «እሺ፣ ምን ላድርግ?» ስትለው «መቻል ነው» አላት። እንዲህ ለማለት ነው እንግዲህ ያንን ሁሉ ዓመት የተማረው!

አባትየው ደግሞ «በኔ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አለና ሻንጣውን ይዞ ውልቅ። የልጁ አፍንጫ ቁርጥ እሱን ነው፤ ግንባሩ ቁርጥ እሱን ነው፤ ዘሬ አይደለም ብሎ የሄደው ሰውዬ ሲያኮርፍ ከንፈሩን የሚጥልበት አጣጣል ሳይቀር ልጁ ላይ ቁጭ ብሏል። ትምህርት ቤቱም የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም። ባስገባችው ሳምንት አስተማሪዋ እጁን ይዛ እስከ ሱቁ ድረስ አመጣችውና «ሌሎቹን ይረብሻል» ብላ እንደማይሆን ጨርቅ መለሰችላት።

ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሚያስተምረውን ማእከል ያገኘችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ ማእከሉ ማእከል ነበር። ሐሰት መናገር ደግ አይደለም። አንዲት መምህርት ነበረች፣ ድምጿ የማይሰማ፣ ቀስ ያለች፤ ሥዕል እያሳየች ውሃ ሲፈልግ ውሃውን እንዲያመለክት፣ ሽንቱ ሲመጣ በሩን እንዲያመለክት አስተማረችው። ጫማ ማሰር አስተማረችው። በስተመጨረሻም ቃል አወጣ። ሰፊዋ ያን ዕለት እየሠራች የነበረውን ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው ጋር ሰፍታ ባለቤቱ ሲመጣ ነው ያየችው።

የወጣው ቃል እንዲህ ነው። ሎጋው የፊት ጥርሶቹ በወለቁበት ዘመን አንድ ቀን ሲስቅ ፎቶ አነሱት። ሳቁ እንዴት ያምር ነበር! አላስፈቀዷትም፤ ብቻ አንድ ጠዋት ስትደርስ ፎቶው በትልቅ ባነር ተሠርቶ የማእከሉ የቆርቆሮ በር ጎን ተሰቅሏል። ከሥሩ «አብረን እናሳድጋቸው» ይላል። እሷም፣ ምን ይደረግ፣ ደስ አላት፤ ልጄ ልጄ እያለች ለመንገደኛው ሁሉ አሳየች። ልጁ ፊቱን አየ፣ አየና እጁን ዘረጋ። ዘበኛው ብብቱን ይዘው አነሱትና መዳፉን ፎቶው ላይ አሳረፈ። «ይኼ እኔ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ፎቶውን በመዳፉ ሳይነካ፣ «ይኼ እኔ» ሳይል ወደ ግቢው ገብቶ አያውቅም። ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ ያመው ይሁን ይዳን። በመጀመሪያ ዘበኛው እያነሱ ያስነኩት ነበር፤ በኋላ በጣቱ ጫፍ ተንጠራርቶ ደረሰበት፤ ኋላ ደግሞ ጎንበስ ብሎ መንካት ጀመረ። ፎቶው ትንሽ ልጅ እንደሆነ ቀረ፣ ልጁ አደገ።

ነገሩ የተበላሸው በማደጉ ነው። ማደግ ወንጀል ሆነ! ያቺ መምህርት ሄደች፤ በቦታዋ የመጡት አፋቸው ፈገግ፣ እጃቸው ስልክ ላይ። ማእከሉ ደግሞ በእንግዳ ነው የሚኖረው፤ እንግዳ ይመጣል፣ ይጎበኛል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ይረዳል። ታዲያ ትንሽ ልጅ ደስ ብሎት ሲዘልና ሲያጨበጭብ እንግዳው «ሲያምር!» ይላል። ፂም ያወጣ ሰው ሲዘልና ሲያጨበጭብ ግን ቦርሳውን ወደ ብብቱ ሳብ ያደርጋል። የማእከሉ ዳይሬክተር ይህን አላጣችውም። እንግዳ የመጣ ቀን ሎጋውን ዕቃ ቤት ማስቀመጥ ጀመሩ።

አንድ ቀን ዳይሬክተሯ እስከ ሱቁ ድረስ መጣች። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ገባ።

«የኔ እናት፣ እልል በይ! ልጅሽ ሊመረቅ ነው።»

«ሊመረቅ?»

«አዎ! ዕድሜው ደርሷል፤ አድጓል። ጋውን ይለብሳል፣ ቆብ ያደርጋል፣ ሰርተፍኬት ይቀበላል። ጋውኑን አንቺው ብትሰፊለት እንዴት ያምርበታል!»

ሰፊዋ ከአንደኛ ክፍል ወደ ሁለተኛ፣ ከትንሹ ትምህርት ቤት ወደ ትልቁ ነው ምረቃን የምታውቀው። የተመረቀ ሰው ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ሌላ ምረቃ አለ እንዴ? ከግቢው ጀርባ አዲስ ቤት እየተሠራ እንደነበርም አይታለች። የአዋቂዎቹ ክፍል አልቋል ማለት ነው አለች በልቧ። ዓመታት ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ይኼ ልጅ ሲያድግ ጠዋት ተነሥቶ የት ይገባል? ይኸው፣ አምላክ ሰማ። ለጎረቤቷ ለፀጉር ሠሪዋ እየሮጠች ሄዳ ነገረቻት።

«እንኳን ደስ አለሽ!» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ የአንዷን ደንበኛ ጠጉር ግማሹን እንደጠቀለለች። «የኔው ልጅ አራተኛ ክፍልን ሁለቴ ሲማር ያንቺው ተመረቀ በይኛ!»

ጋውኑን እንደ ሙሽራ ልብስ ሰፋችው። ከላይ ጥቁር፣ ከውስጥ የለሰለሰ የጥጥ ገበር፣ ታጥቦ ታጥቦ ልስልስ ያለ፤ አንድም ስፌት ቆዳውን አይነካውም። አልብሳው ስታበቃ ልጁ እጅጌውን ጉንጩ ላይ እያሸ ሳቀ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ምረቃው! ኤጭ፣ ያንን ቀን ማውራትም ያቅለሸልሻል። እንግዲህ ድምጽ ለሚያሳብዳቸው ልጆች በተሠራ ግቢ ውስጥ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ድምጽ ማጉያ ግራና ቀኝ አቁመዋል። ፊኛ በየጣራው አንጠልጥለዋል፤ ፀሐይ ሲመታው ጧ! ይላል። ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ጠረጴዛ ሥር ገብተው ሲያለቅሱ አስተዋዋቂው «በደስታ እንባ ሲያነቡ ይታያሉ!» ይላል። አንድ እንኳን ድምጹን ቀንሱ ያለ አልነበረም። ሰፊዋ ከቦርሳዋ የትከሻ መሙያ ጥጥ አወጣችና የልጇን ጆሮ ደፈነች። ዳይሬክተሯ ንግግር አደረገች፣ መሐረብ አወጣች፣ የአዞ እንባዋን ጠረገች፤ ፎቶ አንሺው ስላላየ ደግማ ጠረገች።

ሲያበቃ ሰፊዋ ወደ እሷ ጠጋ አለች። «እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ በየትኛው በር ነው የሚገባው? በፊቱ ነው በጀርባው?»

«የቱ ሰኞ?»

«የፊታችን ሰኞ ነዋ። የአዋቂዎቹ ክፍል ሲጀመር።»

ዳይሬክተሯ ሳቀች፤ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። «የኔ እናት፣ የአዋቂ ክፍል የሚባል የለንም። ከጀርባ ያለው የእንግዳ መቀበያ ነው። እኛ የምናሳድገው ልጆችን ነው፤ እሱ ጨርሷል።»

«ምኑን ነው የጨረሰው? ኦቲዝሙን?»

«በምረቃ ቀን እንዲህ አይባልም» አለችና ወደ ኬኩ ሄደች። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። ማባረራቸው ሳያንስ በጋውን አባረሩት፤ ያውም እናቱ በሰፋችው።

ሰፊዋ ያን ዕለት ቤቷ ገብታ የሰርተፍኬቱን ፍሬም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ጎረቤት ግን አለቀቃትም፤ እንኳን ደስ አለሽ ሊል ይመጣል፣ ከንፈሩን ምጥጥ አድርጎ «ለካ እነሱም ይማራሉ» ይላል። እነሱም! እየሳቀች ሸኘችና በሩን ዘጋች።

ሰኞ ነጋ። ሎጋው ምረቃ አያውቅ፣ መጨረስ አያውቅ። ተነሣ፣ ታጠበ፣ ጋውኑን ለበሰ። ያ ገበር ተስማምቶታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ልብስ እንቢ ብሏል። ቦርሳውን አነገተ፣ መንገድ ገባ። ብትጎትተው፣ ብትለምነው፣ ወይ ፍንክች። በሩ ዘንድ ደረሰ፣ ጎንበስ ብሎ ፎቶውን ነካ፤ «ይኼ እኔ።» ቆመ። በሩ አልተከፈተም። ምናልባት በደንብ አልነካሁት ይሆን እንዳለ ሰው ደግሞ ነካው። «ይኼ እኔ።» ደገመ። አሁንም ደገመ።

ዘበኛው በቀዳዳው አይተው ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ልጄ፣ አታስገባው ብለውኛል» አሏት። «እኔ በልጅነቱ ስሸከመው የኖርኩ ሰው፤ ዛሬ ይኼንን ልዝጋበት?»

«እርስዎ ምን ያድርጉ አባባ። እንጀራዎ ነው።»

ማክሰኞም ሄደ። ረቡዕም። እሷም ሱቋን ዘግታ አብራው ትቆማለች፤ ደንበኛ «ሱሪዬስ?» እያለ ይሳደባል። አንድ ቀን ግንባሩን ከቆርቆሮው ጋር ያጋጭ ጀመር፤ መዳፏን በግንባሩና በቆርቆሮው መካከል አስገብታ ዋለች። ከሰዓት ከሰዓት ሲደክመውና ሲተኛ ለፀጉር ሠሪዋ አደራ ትሰጥና ቢሮ ለቢሮ ትንከራተታለች። አንዱ «ለሕፃናት ከሆነ አለ» ይላታል። ሌላው «ለአዋቂ ከሆነ የአእምሮ ሆስፒታል ነው» ይላታል። «ልጄ እኮ አላበደም» ስትል «እንግዲያ እኛን አይመለከትም» ይላታል። ወይ ሕፃን ሁን፣ ወይ እበድ፤ ከሁለቱ መካከል ሰው የለም። ሎጋው ፂም ባወጣ ዕለት ኦቲዝሙ አብሮ እንደ ወተት ጥርስ የሚወልቅ መስሏቸዋል፣ የማይረቡ!

አንድ ጠዋት ዘበኛው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። «ዛሬ እንግዳ አለ። ከበሩ ፈቀቅ በሉ ተብሏል።»

ሰፊዋ ልጇን ልታነሣው ስትታገል መኪናው መጥቶ ቆመ። እንግዶቹ ወረዱ። ከባነሩ ሥር ጋውን የለበሰ ረጅም ጎልማሳ ቆሟል፤ አዩት፣ ፎቶውን አዩ፣ አሁንም እሱን አዩ። «ይኼ... ይኼ ልጅ ነው?» አሉ በአድናቆት።

ዳይሬክተሯ ለመደንገጥ ጊዜ አልፈጀችም፤ ዓይን አውጣ! «አዎን!» አለች። «ፍሬያችን ነው። ምሩቃችን። ሊቀበላችሁ ነው የቆመው!»

ከዚያ በሩ ተከፈተ። ልጁ የተከፈተውን በር ሲያይ የወጣው ድምጽ! ክንዱን እያርገበገበ ገባ፤ በቀጥታ ወደ ቀድሞ ክፍሉ፣ መስኮት ጥግ ወዳለችው ወንበሩ። ለትንንሾቹ የተሠራች ናት፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ እስኪደርስ ተጣጥፎ ተቀመጠባት። እናቱ ከኋላው ቆማ እንባዋን ዋጠች። ገባ እኮ! ምን ትፈልጋለች ከዚህ ሌላ? እንግዶቹ አጠገቡ እየተቀመጡ ፎቶ ተነሡ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉ፣ ሻይ ጠጡና ሄዱ።

የመኪናው ድምጽ ከመራቁ ሁለት ሠራተኞች መጥተው ብብቱን ያዙት። ወንበሯን እንደ ሙጫ ተጣበቀባት። ጎተቱት። ጮኸ። የጋውኑ እጅጌ ከትከሻው ጀምሮ ቀርርር ብሎ ተቀደደ፤ ያ ለስላሳ ገበር እየተንጠለጠለ በር ድረስ ወስደው አወጡትና በሩን ዘጉ። ልጁ ውጭ ሆኖ ፎቶውን በሁለት እጁ ይደበድባል፤ «ይኼ እኔ! ይኼ እኔ!»

ዳይሬክተሯ በትንሹ በር ብቅ አለች። ፊቷ ላይ አንድም የኀፍረት ምልክት የለም። «ጥሩ አድርጎ ነው የተቀመጠው እኮ፤ እንግዶቹ ወደዱት» አለቻት። «ወደፊትም እንግዳ ሲመጣ እንጠራዋለን። ጋውኑን ጠግነሽ፣ አጥበሽ አቆዪው።»

ሰፊዋ ምራቋን ለመዋጥ ሞከረች፤ አልዋጥ አላት። ጫማዋ አጠገብ፣ የዳይሬክተሯ ጫማ ማለት ነው፣ እትፍ አለችው።

«አንቺ...» አለቻት። እስከዛሬ «እርስዎ» ስትላት የኖረችውን።

ሱቋ ሄደች። ትልቁን መቀስ፣ የካፖርት ጨርቅ የምትቆርጥበትን አነሣችና ተመለሰች። በጠራራ ፀሐይ። ዘበኛው መቀሱን አዩ፣ ባነሩን አዩ፣ እሷን አዩ። «እኔ ሽንት ቤት ነኝ» አሉና ሄዱ።

ሰፊዋ ጨርቅ ስትቆርጥ መስመር አትስትም፤ ዛሬም አልሳተችም። ከግራ ትከሻው ጀመረች፣ በጆሮው ዞረች፣ በፀጉሩ ላይ አለፈች፣ በቀኝ ትከሻው ወረደች። አንዲት የፀጉሩን ጫፍ እንኳን ለእነሱ አላስቀረችም። ባነሩ ላይ የልጅ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ቀረ፤ በቀዳዳው ዝገት የያዘ ቆርቆሮ ይታያል፣ ከሥሩ «አብረን እናሳድጋቸው» እንዳለ ነው።

ዳይሬክተሯ እየጮኸች ወጣች። «የማእከሉ ንብረት ነው!»

«የልጄ ፊት ነው ንብረትሽ?» አለቻት ሰፊዋ። «ጨርሷል አላልሽም? የጨረሰ ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል።»

ሱቋ ገብታ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችውና ለቅሶዋን ለቀቀችው። ምን አገኘች? ልጁ እንደሆን አሁንም ውጭ ነው። ፎቶውን ተከትሎ የገባው ሎጋው ግን አነሣው፤ ወሰደና የሱቁ በር መቃን ላይ በመዳፉ ለጠፈው። ሲለቀው ይወድቃል፣ ያነሣና ደግሞ ይለጥፋል። ፀጉር ሠሪዋ «ኧረ ምስማር ፈልጊለት፣ እጁ ሊዝል ነው!» ብላ ራሷ መዶሻ ይዛ መጣች።

በማግስቱ እጅጌው የተጠገነውን ጋውን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። እናቱ እንደለመደችው ነጠላ ጫማዋን ተጫምታ ተከተለችው። የሱቁ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ አለ፣ ነካ፤ «ይኼ እኔ።» በሩን ገፋና ገባ። ቦርሳውን አስቀመጠ፣ የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠና መዘውሩ እስኪዞር ጠበቀ።

ሰፊዋ ደፍ ላይ ቆማ ቀረች። ደስ ሊላት ነበር፤ ግን ዙሪያዋን አየች። ሱቅ እኮ ነው። መምህርት የለበት፣ ጓደኛ የለበት፣ የሸሚዝ ቁልፍ እየለየ የሚውልበት አንድ ጥግ። እሷ እስካለች ይከፈታል። እሷ የወደቀች ቀን ማን ይከፍተዋል? ጠዋት ተነሥቶ ፎቶውን ነክቶ የተዘጋ በር ላይ ሊቆም ነው እንደገና። ይኼንን ስታስብ ያ የዳይሬክተሯ የሽቶ ሽታ አፍንጫዋ ድረስ መጣባት፤ አስጠላት፣ ሁሉም አስጠላት።

ሰንበት ብሎ ዘበኛው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። «ፎቶውን መልሺ ብለዋል።»

ሰፊዋ ከመኪናው ቀና አላለችም። «ተመርቋል ይበሏቸው።»

ዘበኛው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ወዲያው ጠፋ። «ለወጉ ነው የላኩኝ እንጂ አይፈልጉትም። ትናንት ሌላ ፎቶ አንስተዋል። አንዲት ሕፃን፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፤ ሳቋ ሲያምር! እናትየዋ ደስ ብሏት ለመንገደኛው ሁሉ ስታሳይ ዋለች።»

የመኪናው መዘውር ቆመ። ሎጋው ለምን ቆመ ብሎ ቀና አለ።

«አባባ፣ እናትየዋን ወደኔ ይላኩልኝ።»

«ምን ልትያት ነው?»

«ጋውን አሰፊ ያሏት ቀን፣ ጨርቁን ከመግዛቷ በፊት ሰኞ ልጇ የት እንደምትገባ ትጠይቃቸው እላታለሁ» አለች ሰፊዋ፣ እግሯንም ወደ መርገጫው መለሰች።